አዲሱን 0.95 ሌንስ ልጠብቅ ወይ? ለሚል የሐረር ልጅ

ጥያቄው ትንሽ አጥሮ ይሄ ነው፦ «ያገለገለ ላይካ ኤም 240 አለኝ፣ ከ50 ሚሊ ሱሚክሮን ኤፍ 2 ጋር ነው የገዛሁት። ማታ ከጀጎል ውጪ ጅብ ሲበላ አነሳለሁ፣ የዘመድ ሰርግ ሲኖር ደግሞ ጌይ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ውስጥ አነሳለሁ። ፎቶው ወይ ይጨልማል ወይ ብዥ ይላል። አሁን ለኤም ካሜራ የሚሆን አዲስ 50 ሚሊ 0.95 ሌንስ ሊወጣ ነው እየተባለ ነው፣ ጓደኞቼ በሱ ሌሊቱ ቀን ይሆንልሃል አሉኝ። ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ ሊይዝልኝ ይችላል። ሱሚክሮኑን ሸጬ፣ ቅድሚያ ከፍዬ ልጠብቀው?»

አትሽጥ፣ ቅድሚያም አትክፈል። አንተ ያልከው መጨለምና ብዥ ማለት አንድ በሽታ አይደለም፣ አንተ ግን በአንድ መርፌ ልታድናቸው ነው የምትሞክረው። ጨለማውን አዎ ያ ሌንስ ያግዝሃል። ብዥታውን ግን ያባብስብሃል፣ እና እስካሁን ካሜራህ ሲደብቅልህ የነበረውን ስህተት ሁሉ ነው ፀሐይ ላይ የሚያሰጣው።

ከጨለማው ልጀምር። ይሄ ኤፍ የሚባለው ቁጥር የሌንሱን 50 ሚሊ ብርሃን ለሚያስገባው ቀዳዳ ስፋት ስታካፍለው የሚመጣ ነው። ያንተ ሱሚክሮን ሙሉ ተከፍቶ 25 ሚሊ ነው፣ 0.95ቱ 52 ሚሊ ተኩል አካባቢ ይሆናል። ስፋቱ እጥፍ ከትንሽ ሲሆን የሚገባው ብርሃን አራት እጥፍ ከምናምን ነው፣ በኛ ቋንቋ 2 ስቶፕ ከትንሽ (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው)። ይሄ ደግሞ ቀላል አይደለም፣ በ1/30 ሰከንድ ታነሳ የነበረውን በ1/125 ታነሳለህ፣ ወይ ደግሞ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን መጠን) ከ6400 ወደ 1600 ታወርዳለህ፣ ኤም 240 ደግሞ 6400 ላይ ጥቁሩ ውስጥ መስመር መስመር ስለሚያወጣ ልዩነቱ ይታይሃል። ስለዚህ ጓደኞችህ ዋሹ አልልም፣ አጋነኑ እንጂ። ያ ሁሉ ብርሃን የሚደርሰው ግን መሃል ላይ ነው። እንዲህ አይነት ሌንስ ሙሉ ሲከፈት ጥግ ጥጉ ከመሃሉ በ2 ስቶፕ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጨልማል፣ ማለት ጥጉ ላይ ያው ያንተን ኤፍ 2 ነው የምታገኘው። ሌላው፣ 0.95 ከ1.0 የሚበልጠው በስቶፕ አንድ ሰባተኛ ገደማ ነው፣ ዓይንህም ካሜራህም አያውቀውም፣ ያቺ ነጥብ የተጻፈችው ለካርቶኑ ነው።

ጉጉቱም አዲስ እንዳይመስልህ። ካነን በፈረንጆቹ 1961 ለካነን 7 ሬንጅፋይንደር (እንዳንተ ላይካ ያለ ካሜራ ነው) 50 ሚሊ 0.95 አውጥቷል፣ ላይካ በ1966 ኖክቲሉክስ 1.2ን፣ በ70ዎቹ አጋማሽ ኤፍ 1ን፣ በ2008 ደግሞ 0.95ን አወጣ፣ ከዛ ፎክትላንደር ኖክተን 50 ኤፍ 1ን፣ ቻይናዎቹም የራሳቸውን 0.95 በርካሽ ይዘው መጡ። በየጊዜው ሰው እንዲሁ ሲጠብቅ ሲያወራ ነው የኖረው። የድሮዎቹ ግን ምክንያት ነበራቸው፣ ፊልሙን ከ400 በላይ ስትገፋው ጤፍ የተበተነበት ይመስል ስለነበር ብርሃኑን ከሌንሱ ማምጣት የግድ ነበር። ዛሬ ያንን ስራ ግማሹን ሴንሰሩ ወስዶታል። የቀረው መልኩ ነው፣ ጀርባው ቅቤ ሆኖ ሲቀልጥ፣ መብራቱ ኳስ ኳስ ሲሆን። እሱን ከፈለግህ ሕጋዊ ምክንያት ነው፣ አልስቅብህም፣ ግን «ማታ ለማንሳት» ብለህ አትግዛው።

(ሐረር ላይ ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1883 ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጥቶ ራሱን አንስቶ ነበር፣ ከዛ ለቤተሰቡ ሲልክ ፎቶዎቹ የነጡት የማጥብበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው ብሎ ጻፈ። ዕቃው ከውጭ መጥቶ ችግሩ ሌላ ቦታ መገኘቱ እዛው ከተማ ውስጥ የቆየ ታሪክ ነው።)

አሁን ወደ ብዥታው። ሬንጅፋይንደር ካሜራ በሌንሱ ውስጥ አያይም፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሌንሱን ፍታና የካሜራውን ውስጥ ከላይ በኩል እየው፣ አንዲት ትንሽ የብረት ሮለር አለች። ፎከሱን ስታዞር የሌንሱ ጀርባ እሷን ይገፋታል፣ እሷ ደግሞ ቪውፋይንደሩ (በዓይንህ የምታይበት መስኮት) ውስጥ ያለችውን ሁለተኛዋን ምስል ታንቀሳቅሳታለች፣ ሁለቱ ሲገጥሙልህ ፎከስ ገባ ትላለህ። የሚለካው በሁለቱ መስኮቶች መሃል ባለው 69 ሚሊ ርቀት ነው፣ ያንተ ቪውፋይንደር ምስሉን ወደ 0.68 እጥፍ ስለሚያሳንሰው በተግባር 47 ሚሊ ገደማ ነው የሚቀረው። በስሌት ለ50 ሚሊ ኤፍ 1 ይበቃል። ግን በስሌት ነው፣ ማለትም ያቺ ሮለር ልክ ከሆነች። እኔ ጋ ድሬ ከሚመጡት ካሜራዎች አብዛኛዎቹ ልክ አይደሉም፣ ተሰብረው አይደለም፣ ተንቀጥቅጠው ነው። ደንገጎን በሚኒባስ ስትወጣ ስትወርድ፣ ካሜራዋ ጉልበትህ ላይ ሳትሆን ዳሽቦርድ ላይ ስትጫወት፣ ባጃጅ ኋላ ኪስ ውስጥ ስትዘል፣ ትንሽ ትንሽ ከቦታዋ ትሄዳለች።

ለምን እስካሁን አላወቅህም? ኤፍ 2 ስለሚደብቅልህ ነዋ። 1 ሜትር ላይ በ50 ሚሊ ኤፍ 2 ጥርት የሚለው ጥልቀት 4 ሳንቲም ተኩል አካባቢ ነው፣ ከፊትም ከኋላም 2 ሳንቲም ከትንሽ። ካሜራህ 2 ሳንቲም ብትስት እንኳን ዓይኑ ጠርዝ ላይ ቢሆንም ይገባል፣ «ትንሽ ለስለስ አለ» ብለህ ታልፈዋለህ። በ0.95 ጠቅላላው 2 ሳንቲም ከትንሽ ነው፣ ከፊት 1 ከኋላ 1። ያው ካሜራ፣ ያው 2 ሳንቲም ስህተት፣ አሁን ዓይኑ ጠፍቶ ጆሮው ጥርት ብሎ ይወጣልሃል። ሌንሱ መጥፎ ነው ብለህ ትሰድበዋለህ፣ ሌንሱ ግን እውነቱን ነው የተናገረው።

እና አንድም ብር ሳታወጣ ዛሬ ማታ የምትሰራው ነገር አለ። ቡና ሲጠጣ አምስት ሲኒ ለምንና ጠረጴዛ ላይ በሰያፍ ደርድራቸው፣ እያንዳንዱ ካለፈው 2 ሳንቲም ወደ ኋላ የራቀ ይሁን፣ በማስመሪያ ለካ በግምት አይሆንም። ሬንጅፋይንደር ቀጥ ያለ መስመር ነው የሚወደው፣ ሲኒ ላይ ያለችውን አበባ አይዝልህም፣ ስለዚህ በእያንዳንዱ ላይ በማርከር አንድ አንድ ቁም መስመር አስምር (እናትህ ሳታይ፣ ይታጠባል)። ካሜራውን ትራይፖድ ከሌለህ መጽሐፍ ከምረህ አስቀምጥ፣ ከሦስተኛው ሲኒ መስመር እስከ ካሜራው ጀርባ 1 ሜትር። ኤፍ 2 ላይ፣ ፎከሱን ከሩቅ እየጀመርክ ሦስተኛው ሲኒ ላይ እያገጠምክ አምስት ጊዜ አንሳ፣ በየመሃሉ ፎከሱን በትነው። ከዛ ኮምፒውተር ላይ አጉልተህ እየው። አምስቱም ላይ ሦስተኛው ጥርት ካለ ካሜራህ ደህና ናት፣ ችግሩ እጅህ ወይ የሻተሩ ፍጥነት ነው። አምስቱም ላይ አራተኛው ከበለጠ ካሜራዋ ወደ ኋላ ትስታለች። አንዴ ሁለተኛው አንዴ አራተኛው ከሆነ ደግሞ ይቅርታ፣ ዓይንህን ተመርመር፣ እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ካሜራ ስወቅስ ኖሬ መነፅር ነበር የሚያስፈልገኝ።

የሩቁንም እይ፣ ቀን ላይ ሐኪም ጋራ ላይ ያለ አንቴና ወይ አንድ ቁም ነገር ፈልግና ሌንሱ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሁለቱ ምስሎች በትክክል ይገጥማሉ ወይ። እዚህ ላይ አደራ የምልህ፣ ኢንተርኔት ላይ ሮለሯን በትንሽ ሄክስ ቁልፍ እንዴት እንደምታዞር የሚያሳይ ቪዲዮ ሞልቷል፣ እንዳትነካት። የሩቁና የቅርቡ ማስተካከያ የተለያዩ ናቸው ግን ይጎታተታሉ፣ የሩቁን ስታቃና የቅርቡ ይሄዳል፣ አንድ ልጅ ከሰባት ቀን ትግል በኋላ ካሜራውን በፌስታል ይዞልኝ መጥቶ ያውቃል። ከቻይናዎቹ ሌንሶች አንዳንዶቹም ራስህ ሌንሱን የምታስተካክልበት መንገድ አላቸው፣ ቲቲአርቲሳን ጭራሽ መፍቻም ይሰጥሃል፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ካሜራህ የተሳሳተች ከሆነች ጥሩውን ሌንስ ለተሳሳተች ካሜራ አስማማኸው ማለት ነው፣ ከዛ ካሜራዋን ያሰራህ ቀን እሱ ሌንስ ይበላሻል።

ሌላ ያልነገሩህ ነገር አለ። ፎከስ የምታደርግባት ሳጥን መሃል ላይ ብቻ ናት። ካሜራውን ወደ ቁም አዙረህ የሰው ፊት ስታነሳ ዓይኑን መሃል ላይ ታገጥማለህ ከዛ ፊቱ ላይኛው ሲሶ ላይ እንዲሆን ካሜራውን ዝቅ ታደርጋለህ አይደል? 11 ዲግሪ ብታዞረው 1 ሜትር ላይ ፎከሱ ከዓይኑ ጀርባ ወደ 2 ሳንቲም ይሄዳል። ካሜራዋ ፍፁም ብትሆን እንኳን ነው ይሄ፣ ጂኦሜትሪ ነው፣ ላይካ አያድንህም። በኤፍ 2 አፋፍ ላይ ሆኖ ይተርፋል፣ በ0.95 አለቀ። የ0.95 ተጠቃሚዎች ከገጠሙ በኋላ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል የሚሉት ለዚህ ነው፣ ልምድ ይጠይቃል፣ ብዙ ፎቶም ይጣላል።

ወደ ጅቡ እንምጣ፣ ዋናው እሱ ስለሆነ። ሰውዬው ስጋውን በእንጨት አድርጎ ሲያቀብል ጅቡ ከአንተ 2 ሜትር ላይ ነው እንበል፣ መብራቱ የባጃጅ ወይም የታክሲ ነው፣ ከአንድ ጎን። በ0.95 እዛ ርቀት ላይ ጥልቀትህ 9 ሳንቲም ነው። የጅብ ፊት ደግሞ ረጅም ነው፣ አፍንጫው ላይ ከገባህ ዓይኑ የለም፣ ዓይኑ ላይ ከገባህ ስጋው የለም፣ እና ጅቡ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅህም፣ መጥቶ ነጥቆ ዘወር ነው። በጨለማ ውስጥ ሁለት ደብዛዛ ምስል እያገጠምክ እሱን ልትከተል ነው? አቦ ተው። በ35 ሚሊ ኤፍ 1.4 ግን እዛው 2 ሜትር ላይ 27 ሳንቲም አለህ፣ ሦስት እጥፍ። ብርሃኑ ከ0.95 በ1 ስቶፕ ከትንሽ ያንሳል፣ ከሱሚክሮንህ ግን እጥፍ ነው። ፎከሱን ቀድመህ 2 ሜትር ላይ አድርገህ ትተወዋለህ፣ ከሰውዬው እግር እስከ ቆምክበት አንድ ጊዜ ትለካለህ፣ ጅቡ ራሱ ወደ ፎከሱ ይመጣል። አይኤስኦ 3200፣ 1/125፣ መብራቱ ደህና ከሆነ ይበቃሃል። እኔ ጅብ በቪውፋይንደር ተከትዬ ያገኘሁት ፎቶ በጣት የሚቆጠር ነው፣ ቀድሜ አስተካክዬ የጠበቅሁት ነው ሁሌም የሚወጣልኝ።

የሰርጉ ነገር ደግሞ ትንሽ ያናድደኛል። የጌይ ጋር ውበቱ ምኑ ላይ ነው? ግድግዳው ላይ አይደለም እንዴ? የተሰቀለው ስፌት፣ ሳህኑ፣ ቀዩ ነደባ (ደረጃ ደረጃ የሆነው መቀመጫ) ላይ የተቀመጡት ሴቶች። አንተ ያንን ሁሉ ሾርባ የሚያደርግ ሌንስ በብዙ ብር ልትገዛ ነው። ሙሽሪት ጥርት ትላለች፣ አጠገቧ ያለችው ሚዜ ግማሽ ክንድ ወደ ኋላ ስለተቀመጠች ጭጋግ፣ አክስቶችህ ደግሞ የቀለም ነጠብጣብ። አንድ እንዲህ አይነት ፎቶ ያምራል። አልበሙ ሙሉ እንዲህ ሲሆን ግን «እኔ የታለሁ?» ነው የሚመጣብህ። እዛም ቢሆን ጠባብ ቤት ነው፣ 35ቱ ነው የሚመችህ፣ ቆመው ሲነሱልህ ደግሞ በ35 ሚሊ 1/30 ላይ እጅህ ከያዘ ይበቃል።

የቀኑን ነገር ጠይቀህ አልነበረም ግን ልንገርህ ምክንያቱም ከገዛኸው ቀንም ታወጣዋለህ። በዚህ በኛ ፀሐይ አይኤስኦ 200 ላይ በ0.95 ለማንሳት 1/50,000 አካባቢ ፍጥነት ያስፈልግሃል፣ ካሜራህ ደግሞ 1/4000 ላይ ነው የምታቆመው። ስለዚህ 4 ስቶፕ የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ግዴታ ነው፣ ለዛ ትልቅ አፍ ደግሞ ጥሩ ፊልተር ርካሽ አይደለም። ኤም 240 ሻተሯ ብረት ነው፣ ያንተን አልሰጋም፣ ግን ሌንሱን በፊልም የሚሰራ የድሮ ኤም ካሜራ ላይ ገጥመህ ፀሐይ ላይ ክዳኑን ከፍተህ እንዳትዞር። እነሱ ሻተራቸው ጨርቅ ነው፣ ሌንሱ ፎከሱ ሩቅ ላይ ሆኖ ፀሐይዋን ካየ እንደ ማጉያ መነፅር ያቃጥለዋል። ከዚህ በፊት ድሬ ውስጥ ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር ቁጭ ብሎ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ ወደ ላይ አስተኝቶ የተወ ሰው አምጥቶልኛል፣ ፊልሙ ሁሉ ላይ አንድ ቦታ ነጭ ነጥብ፣ ሻተሩን ወደ መብራት ሳዞረው መርፌ የወጋው የመሰለ ቀዳዳ። ጥላው ዞሮበት ነው እሱ አላየም። ኤፍ በሰፋ ቁጥር ይሄ ይፈጥናል።

ክብደቱንም አስብ፣ ሱሚክሮንህ 240 ግራም ገደማ ነው፣ ኖክተን ኤፍ 1 ወደ 480 ግራም፣ የላይካው 0.95 700 ግራም ነው፣ ከካሜራህ እኩል። ቪውፋይንደሩንም ቀኝ ታችኛው ጥግ ላይ ይሸፍንብሃል። ቅርቡም 0.7 ሜትር ላይ አይደርስም፣ ኖክተኑ 0.9 የላይካው 1 ሜትር ላይ ይቆማሉ፣ ከዚያ ቀርበህ ፎከስ አታደርግም።

አማራጭህ እንግዲህ እንዲህ ነው። ሱሚክሮኑ ይቆይ፣ ቀን ላይ ከሱ የተሻለ 50 አትፈልግ። ካሜራዋን በሲኒው ፈትሽ፣ ከሳተች መጀመሪያ እሷ ትስተካከል፣ ከማንኛውም ሌንስ በፊት የሚወጣ ገንዘብ እሱ ነው። ከዛ 35 ሚሊ 1.4 ፈልግ፣ የፎክትላንደሩ ኖክተን ክላሲክ 200 ግራም አካባቢ ነው፣ 2.8 አካባቢ ሲዘጋ ፎከሱ ትንሽ ይሸሻል ይባልለታል እውነትም ነው፣ ማታ በ1.4 ለምታነሳ ለአንተ ግን ግድ የለም። የዛን ልዩነት ብር ከ0.95ቱ ጋር አስላው፣ በተለይ አሁን ዶላሩ እንዲህ በሆነበት።

ይሄን ሁሉ ብለህ አሁንም ያ መልክ ካማረህ፣ ያምራል እኮ አልካድኩም፣ ይውጣና ጥቂት ወር ይቆይ። ኤም 240 ላይቭ ቪው ስላላት በስክሪኑ አጉልተህ ፎከስ ማድረግ ትችላለህ፣ ለተቀመጠ ሰው ይሰራል፣ ለጅብ ግን ይዘገያል። ቅድሚያ ክፍያን የምቃወመው ደግሞ ሌንሱን ስለጠላሁ አይደለም፣ ሐረር ስለሆንክ ነው። ሌንሱና ካሜራህ ካልተስማሙ፣ ይሄ በእንዲህ አይነት ሌንስ የሚያጋጥም ነገር ነው፣ አውሮፓ ያለው ሰው ይመልስና ሌላ ይቀይራል፣ አንተ ማን ይመልስልሃል? ወንድምህ እንደገና እስኪሄድ ልትጠብቅ ነው። ስለዚህ የሚገዛ ከሆነ በተቃራኒው አድርገው፣ ካሜራዋን ለወንድምህ ስጠውና ይዟት ይሂድ፣ ሱቁ ውስጥ ገጥሞ 1 ሜትር ላይም 3 ሜትር ላይም ሙሉ ከፍቶ ያንሳ፣ ካርዱን ላፕቶፕ ላይ አይቶ ከገባ ይክፈል፣ ካልገባ ሌላ ፍሬ ያስወጣ። ደረሰኙንም ለጉምሩክ ይያዝ።

የሲኒውን ፎቶ አምስቱንም ላክልኝ፣ በቴሌግራም ከሆነ ግን ፎቶ ብለህ ሳይሆን ፋይል ብለህ፣ ፎቶ ካልከው ጨምቆ ያመጣዋል፣ ያኔ ብዥታው የካሜራህ ይሁን የቴሌግራም ሁለታችንም አናውቅም። ሦስተኛው ሲኒ የትኛው እንደሆነ ምልክት አድርግበት።